ወተት የማይገባበት ኬክ ቤት፦ ስለ ኮሸር ፓርቬ ጣፋጮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ የሚባለውን ጎዳና የማያውቅ አበሻ የለም ማለት ይቻላል። ከኦሎምፒክ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በከተማው አስተዳደር «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። ክትፎው፣ ቡናው፣ በርበሬው እዚያ ነው። በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ደቂቃ ብትነዱ ደግሞ ለብዙ ዘመን የአይሁድ ሰፈር ሆኖ የኖረው አካባቢ ይመጣል። በፒኮ ጎዳና ወደ ምዕራብ ብትታጠፉም ፒኮ-ሮበርትሰን ትደርሳላችሁ። ኮሸር ሥጋ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱና ኬክ ቤቱ ተደርድሮ የሚገኝበት ሰፈር ነው።

እኔ እነዚህን ኬክ ቤቶች እወዳቸዋለሁ። በተለይ ወተትና ቅቤ ጭራሽ የማይገባባቸውን። ስለነሱ ባወራሁ ቁጥር ግን ያው ጥያቄ ይመጣል። የጾም ነው? ይጣፍጣል? ዝም ብሎ መግባት ይቻላል? መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከሎስ አንጀለስ ናቸው፤ መሠረታዊው አሠራር ግን ብሩክሊንም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለንደንም ሆነ ፓሪስ ተመሳሳይ ነው።

«ኮሸር ነው፣ ፓርቬ ነው» ሲሉኝ ግራ ይገባኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኮሸር የአይሁድ ሃይማኖት የሚፈቅደው ምግብ ነው። መሠረቱ ኦሪት ነው። የአሳማ ሥጋ የለም፣ ዓሣው ክንፍና ቅርፊት ያለው መሆን አለበት፣ ከብቱም በሥርዓቱ ይታረዳል። እዚህ ድረስ ያለውን የኛ ሰው ከዘሌዋውያን በደንብ ያውቀዋል። ከዚህ በላይ ግን አንድ ትልቅ ሕግ አለ። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል ክልክል መሆኑ በኦሪት ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቴ በዘጸአት፣ አንዴ በዘዳግም። የአይሁድ ሊቃውንት ከዚህ ተነስተው ሥጋና ወተት አብሮ እንዳይበስል፣ አብሮም እንዳይበላ ደነገጉ። ድስቱ፣ ቢላው፣ ሳህኑ ሳይቀር ለየብቻ ነው።

ስለዚህ ምግብ ሁሉ ከሦስት በአንዱ ይመደባል፦ የሥጋ፣ የወተት፣ ወይም ከሁለቱም ያልሆነ። ፓርቬ የሚባለው ሦስተኛው ነው። እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዘይት፣ ማር፣ እንቁላልና ዓሣ እዚህ ይገባሉ። ፓርቬ ኬክ ቤት ሲባል እንግዲህ ሥጋም ሆነ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና ክሬም ወደ ወጥ ቤቱ የማይገቡበት ማለት ነው። አንዱ ኬክ ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ወተት የለበትም።

ልብ በሉ፣ ኮሸር የሆነ ኬክ ቤት ሁሉ ፓርቬ አይደለም። በቅቤና በአይብ የሚሠራ ኮሸር ኬክ ቤትም ሞልቷል። ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለምን ቤቱን በሙሉ ያለ ወተት ይሠሩታል? አንዳንዱን ኬክ ብቻ ቢያደርጉትስ?

ምክንያቱ ያለው ዓርብ ማታ ገበታ ላይ ነው። ዓርብ ማታ የሚገባው የአይሁድ ሰንበት ራት ብዙውን ጊዜ ዶሮ ወይም ሥጋ ነው። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ያለበት ነገር ለመብላት መጠበቅ አለበት። ብዙዎቹ ስድስት ሰዓት ይጠብቃሉ። ከጀርመን የመጡ ቤተሰቦች ሦስት ሰዓት፣ ከሆላንድ የመጡት አንድ ሰዓት የመጠበቅ ልማድ አላቸው። ስድስት ሰዓት ጠብቆ ኬክ የሚበላ ማን አለ? ስለዚህ ከሥጋው በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ ፓርቬ መሆን ግድ ነው።

ዳቦው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የዳቦ ሊጥ በወተት ማቡካት ከጥንት ጀምሮ ተከልክሏል፤ ሰው ሳያውቅ ከሥጋ ጋር እንዳይበላው። የሚፈቀደው ትንሽ ከሆነ ወይም በቅርጹ ተለይቶ ከታወቀ ነው። ሐላ የሚባለው፣ ተጎንጉኖ የሚጋገረው የሰንበት ዳቦ በዱቄት፣ በውሃ፣ በእንቁላል፣ በዘይት፣ በስኳር፣ በጨውና በእርሾ የሚሠራው ለዚህ ነው። ቅቤ የለውም። ግን ስትቆርሱት እንደ ክር እየተላቀቀ ይመጣል።

ፓርቬ ማለት የጾም ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይሄ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

ፓርቬ ውስጥ እንቁላል ይፈቀዳል። ይፈቀዳል ብቻ አይደለም፣ በብዛት ይገባል። ቅቤና ወተት በሌለበት ኬኩን የሚያነሳውና የሚያለሰልሰው እንቁላል ነው። ስፖንጅ ኬኩ፣ ሺፎኑ፣ የኮኮናት ማካሩኑ፣ ኪኽል የሚባለው ቀላል ብስኩት፣ ሁሉም የእንቁላል ሥራ ናቸው። ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጾም እንቁላል ከወተትና ከሥጋ እኩል ፍስክ ነው። ስለዚህ «ኮሸር ነው፣ ወተት የለውም» ስለተባላችሁ ብቻ በዐቢይ ጾም አትብሉ። «እንቁላል አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ሌላው ተሸፋፍኖ የሚያልፈው ነገር የሚቀባው እንቁላል ነው። ሊጡ ውስጥ ባይገባም፣ ከላይ እንዲያብረቀርቅ በብሩሽ የሚቀቡት አለ። የሚያንጸባርቅ ቡናማ ቆዳ ካያችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ የሚያብረቀርቀው በስኳር ሽሮፕ ነው፤ አንዳንዱ ግን በእንቁላል። በዓይን አይለይም።

ታዲያ በጾም ምን ልግዛ?

ባዶ እጃችሁን አትወጡም። በተለይ ሎስ አንጀለስ ላላችሁ አንድ ትልቅ እድል አለ። ከ1979ኙ የኢራን አብዮት በኋላ ብዙ የኢራን አይሁድ ወደዚች ከተማ መጥተው ሰፍረዋል፤ ጣፋጫቸውንም ይዘው መጥተዋል። ከነሱ መካከል ኖኮድቺ የሚባለው ብስኩት የኔ ምርጫ ነው። የሚሠራው ከሽምብራ ዱቄት ነው። ዱቄቱ ላይ ስኳር፣ ዘይት ወይም የሚረጋ ዘይትና የተፈጨ ሄል ይገባል። ባህላዊው አሠራር እንቁላል የለውም። ቅርጹ አራት ቅጠል ያለው ትንሽ አበባ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ቁራጭ ፒስታቺዮ ይቀመጥበታል። በጥርስ አይነከስም፤ ምላስ ላይ ስታስቀምጡት ራሱ ይፈርሳል፣ ከዚያ የሄሉ ሽታ በአፍንጫ ይወጣል። ከቡና ጋር ሲሆን በቃ ሌላ ነገር ነው። ባህላዊው አንዳንዴ በቅቤ ይሠራል፤ ፓርቬ ቤት ግን ያ ስጋት የለም።

ሃልቫ ሌላው ነው። የተፈጨ ሰሊጥና ስኳር፣ አንዳንዴ ከቸኮሌት ወይም ከፒስታቺዮ ጋር። ከትልቁ ጥፍጥፍ ላይ በቢላ እየቆረጡ ይመዝኑላችኋል። እንቁላል የሌለው ሐላም አለ፤ «የውሃ ሐላ» ብላችሁ ብትጠይቁ ይገባቸዋል። ቤግልና «ራይ» የሚባለው የአጃ ዳቦም በአብዛኛው እንቁላል የላቸውም፣ «ኤግ ቤግል» ከሚባለው በስተቀር። የሞሮኮ አይሁድ ስፌንጅ የሚሉት፣ መሃሉ ክፍት ሆኖ በዘይት የሚጠበስ ቂጣ መሳይ ዶናትም በዱቄት፣ በውሃ፣ በእርሾና በጨው ነው የሚሠራው። በትኩስነቱ ስኳር ነስንሰው ይሰጧችኋል። ባቅላቫም በፓርቬ ቤት በዘይት ወይም በማርጋሪን ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ለጾም ይሆናል።

በሁሉም ላይ ግን መጠየቁን አትተዉ። እያንዳንዱ ጋጋሪ የራሱ አሠራር አለው።

እውነት ግን ይጣፍጣል? ቅቤ የሌለው ኬክ ምን ጣዕም ይኖረዋል?

ይጣፍጣል። ግን ሁሉም እኩል አይደለም፣ እሱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ከመጀመሪያውም ያለ ቅቤ የተፀነሰ ጣፋጭ አለ፣ ቅቤን ለማስመሰል የሚሞክር ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ሁሌም ያሸንፋል። ሽሮ ሥጋ ለመምሰል አይሞክርም፤ በራሱ ሽሮ ነው፣ ለዚያ ነው የማይሰለቸው። ፓርቬ ጣፋጭም እንደዚያው ነው። ቸኮሌት፣ ቀረፋ፣ አልመንድ፣ ቴምር፣ የአፕሪኮት ማርማላታ፣ ሰሊጥ፣ የፖፒ ፍሬ ያለበትን ስትመርጡ ቅቤው ትዝ አይላችሁም። በዘይት የተሠራ የማር ኬክ ደግሞ በማግስቱ ይበልጥ ይለሰልሳል።

ባብካን ውሰዱ። ባብካ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ሊጡ በስሱ ይዳመጣል፣ ቸኮሌት ወይም ቀረፋ ይቀባበታል፣ ተጠቅልሎ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ተጠማዝዞ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገባል። ጥሩ ባብካ ስትቆርጡ ከዳቦው እኩል ቸኮሌት ታያላችሁ፤ ጥቁርና ነጭ መስመሩ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። የታችኛው ጠርዝ ላይ ቸኮሌቱ ፈስሶ ካራሜል መስሎ ይደርቃል። እኔ ያንን ጠርዝ ለማንም አልሰጥም።

ደካማው ጎን ክሬም ነው። በፓርቬ ኬክ ላይ የምታዩት ነጭ ክሬም ከአትክልት ዘይት የተመታ ነው። ያምራል፣ አይቀልጥም፣ ግን ላንቃ ላይ የሚለጠፍ ቅባት ይተዋል። ተራውን የቅቤ ብስኩት በማርጋሪን ሲሠሩትም እንደዚያው ነው። የልደት ኬክ የምታዙ ከሆነ ክሬሙን ትታችሁ በቸኮሌት የተሸፈነውን እዘዙ እላለሁ።

በቅቤው ቦታ ምንድን ነው የሚገባው?

ዘይት፣ ማርጋሪን፣ የሚረጋ የፓልም ዘይት፣ አሁን አሁን የኮኮናት ዘይት። በወተት ፋንታ ውሃ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ የአኩሪ አተር ወይም የአልመንድ ወተት።

ታሪኩ ደስ ይላል። አውሮፓ በነበሩበት ዘመን የሚረጋ ቅባት ያገኙ የነበረው ከዝይና ከዶሮ ስብ ነው፤ እሱ ግን ከሥጋ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ ክሪስኮ የሚባለው ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራ የሚረጋ ቅባት ገበያ ሲወጣ ለኮሸር ወጥ ቤት ትልቅ ለውጥ ሆነ። ኩባንያውም ለአይሁድ የቤት እመቤቶች ብሎ ልዩ ማስታወቂያ ይሠራ ነበር። በ1945 ደግሞ ሮበርት ሪች የሚባል ሰው በኒው ዮርክ ግዛት በፋሎ ከተማ ከአኩሪ አተር የሚመታ ክሬም ሠራ። ወተት የሌለው የክሬም ኬክ በየኬክ ቤቱ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማርጋሪን ሁሉ ከወተት ነፃ አይደለም። አጓት የሚገባበት አለ። ቤታችሁ ስትጋግሩ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ።

ወተት ከሌለው ለጤና ይሻላል ማለት ነው?

አይደለም። ስኳሩ ያው ነው፣ ዱቄቱም ያው ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው «ወተት የለውም» ብሎ ሊዝናና አይገባም። ድሮ የከፋው ቅባቱ ነበር፤ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት በብዛት ይገባ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ዘይት ለምግብ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ከ2018 ጀምሮም አምራቾች ምግብ ውስጥ እንዳይጨምሩት ተከለከለ። አሁን በብዛት የሚተካው የፓልም ዘይት ነው፤ እሱም የረጋ ቅባት የበዛበት ነው።

መጀመሪያ ስሄድ ምን ልቅመስ?

ቸኮሌት ሩገላህ። ትንሽ፣ የተጠቀለለ፣ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ ነገር ነው። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ሊጡ በክሬም ቺዝ ይሠራል፤ ፓርቬ ቤት ግን እንደ እስራኤሉ በእርሾ ሊጥና በማርጋሪን ወይም በዘይት ነው። ከምድጃ እንደወጣ ሽሮፕ ስለሚፈስበት እጅ ላይ ይጣበቃል። ዓርብ ጠዋት ትሪው ገና ትኩስ እያለ ከደረሳችሁ ቸኮሌቱ ያልጠነከረውን ታገኛላችሁ።

ከዚያ ባብካ፣ ከዚያ በሦስት ቀለም ተደራርቦ በአልመንድ የሚሠራው ሬይንቦ ኩኪ። ይሄኛው መነሻው የኒው ዮርክ ጣልያኖች ናቸው፤ አይሁድ ኬክ ቤቶች የራሳቸው አድርገውታል። ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነው ትልቅ ኩኪም ከኒው ዮርክ የመጣ ነው። ለልጆች እሱን ግዙላቸው።

በዓል ላይ ከሆነ ደግሞ የበዓሉን ጠይቁ። በአይሁድ አዲስ ዓመት በሮሽ ሃሻና፣ ከእንቁጣጣሽ ብዙም ሳይርቅ፣ የማር ኬክና ዘቢብ ያለበት ክብ ሐላ አለ። በሐኑካ ማርማላታ የተሞላ ዶናት፣ ሱፍጋኒያ የሚሉት። በፑሪም ሃመንታሽ፦ ባለ ሦስት ማዕዘን፣ መሃሉ የፖፒ ፍሬ፣ የደረቀ ፕለም ወይም አፕሪኮት ያለበት። የፖፒውን ቅመሱ። መልኩ ጥቁር ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል፤ ከሁሉም የሚጥመው ግን እሱ ነው።

ሳልገዛ መቅመስ እችላለሁ? እንዴት ነው የሚታዘዘው?

ብዙ ቦታ መስታወቱ ላይ የተቆራረጠ ቅምሻ በሳህን ያስቀምጣሉ። ከሌለ «ትንሽ ብቀምስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሰልፉ ካልበዛ እምቢ አይሉም። ዓርብ ቀትር ላይ ግን አትጠይቁ፤ ያኔ ሰው ለሰንበት ይሯሯጣል። በር ላይ የተራ ቁጥር ማሽን ካለ መጀመሪያ ቁጥር ቁረጡ።

ትንንሾቹ ጣፋጮች በፓውንድ ይሸጣሉ። አንድ ፓውንድ 453 ግራም ገደማ ነው። ለመሞከር ሩብ ፓውንድ ድብልቅ እዘዙ፤ «ከዚህ ሁለት፣ ከዚያ ሁለት» እያላችሁ መምረጥ ይቻላል። በእጃችሁ አታንሱ፤ ሻጩ ያነሳላችኋል፣ ወይም መያዣ ካለ በእሱ አንሱ።

አይሁድ አይደለሁም። ልዩ አለባበስ ወይም ሥርዓት አለ?

ምንም የለም። እንደማንኛውም ሱቅ ግቡ። ዓርብ ስትወጡ «ሻባት ሻሎም» ብትሉ ፊታቸው ይፈካል።

ማኪያቶዬን ይዤ ብገባስ?

ይሄን እባካችሁ አታድርጉ። ቤቱ ወተት የማይገባበት ነው ብለናል። እዚያ ተቀምጣችሁ ከውጭ የመጣ ወተት ያለበት ቡና ብትጠጡ፣ ትንሽ ጠብ ቢል እንኳ ጠረጴዛውና ሳህኑ ላይ ችግር ይፈጠራል። ሰዎቹ ላይ ቁጣ ባታዩ እንኳ ጭንቀት ታያላችሁ። ለሥጋ ሳንድዊችም ያው ነው። እዚያው ጥቁር ቡና ወይም ሻይ ካለ እሱን ጠጡ። የኛ ቡና ያማራችሁ እንደሆነ ኬኩን ይዛችሁ ወደ ሊትል ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ቅርብ ነው።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ትኩስና ብዙ ዓይነት የሚገኘው ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ጠዋት ነው። ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ይዘጋሉ፤ በብርዱ ወራት ይሄ ከሰዓት በኋላ በጊዜ ማለት ነው። ቅዳሜ ዝግ ነው። እሑድ ጠዋት ብዙዎቹ ክፍት ናቸው።

ለጾመኛ ችግሩ ግልጽ ነው፤ ምርጡ ቀን ዓርብ ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ሐሙስ ማታ ሂዱ፣ ወይም ዓርብ ገዝታችሁ ለቅዳሜ አቆዩት፤ ባብካውም ሐላውም ያድራሉ። የበዓሎቹን አቆጣጠር ስታዩም ፑሪም ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል፣ ሐኑካም ነቢያት ጾም ውስጥ። ምርጡ ወቅት በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ዓርብ ጠዋት ሄዳችሁ ያሻችሁን መብላት ትችላላችሁ።

በአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ግን አትልፉ። እርሾም ሆነ ተራ የስንዴ ሊጥ በዚያን ጊዜ የተከለከለ ስለሆነ አብዛኞቹ ዳቦ ቤቶች ይዘጋሉ። እስራኤል ውስጥ ሰባት ቀን፣ ከእስራኤል ውጭ ስምንት ቀን ነው።

ኮሸር መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ግድግዳ ወይም መስታወት ላይ የተለጠፈ የምስክር ወረቀት ይኖራል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የካሊፎርኒያ ራቢዎች ምክር ቤትና ኬሂላ ኮሸር የሚባሉት ይሰጣሉ። የሚያበቃበትን ቀንና «ፓርቬ» የሚል መኖሩን እዩ። «ኮሸር ስታይል» የሚል ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ምግቡ የአይሁድ ዓይነት ነው ማለት ነው እንጂ ቁጥጥር አለው ማለት አይደለም፤ ቅቤም ሥጋም አብሮ ሊኖር ይችላል።

በታሸገ ዕቃ ላይ ደግሞ ምልክት አለ። በጣም የታወቀው በክብ ውስጥ ያለው የ«ዩ» ፊደል ነው፤ ኦርቶዶክስ ዩኒየን የሚባለው የአይሁድ ድርጅት ምልክት ነው። አጠገቡ «ዲ» ካለ ወተት አለው ወይም ወተት በነካው ማሽን ተሠርቷል። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ፦ «ፒ» የሚለው ፊደል ፓርቬ ማለት አይደለም፣ ለፋሲካ የተፈቀደ ማለት ነው። ለፋሲካ የተፈቀደ ወተት ያለበት ቸኮሌት ሊኖር ይችላል። ፓርቬ ከሆነ «ዩ»ው ብቻውን ይሆናል፣ ወይም ቃሉ ራሱ ይጻፋል።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ የተለየ ነገር አለ?

ማሽጊያህ የሚባል ተቆጣጣሪ አለ፤ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ያያል። ዱቄቱ ነፍሳት እንዳይኖርበት ይነፋል። እንቁላሉ ሲሰበር የደም ነጠብጣብ ካለበት ይጣላል። ከብዙ ሊጥ ላይ ደግሞ ትንሽ ቁራጭ ተቆርሳ ትለያለች፣ አትበላም፣ ትቃጠላለች። ይህ በዘኁልቁ 15 ላይ የተጻፈው የቡሆው በኵራት ነው። አዳራሹ ውስጥ ቆማችሁ የምትገዙት ዳቦ ከዚህ ሥርዓት ያለፈ ነው።

ወተት ሆዴን ይነፋኛል። ለኔ ይሆናል?

ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ብቻ ከሆነ ችግራችሁ፣ አዎ፣ በነፃነት ብሉ። ብዙ አበሻ ጉልምስና ላይ ሲደርስ ወተት አይስማማውም፤ ለዚህ ፓርቬ ኬክ ቤት ትልቅ እረፍት ነው።

የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በኮሸር ሕግ ሳይታሰብ የገባ ወተት ከስድሳው እጅ አንዱን ያህል እንኳ ካልሞላ እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ይህ ለሃይማኖት ይበቃል፤ ለአለርጂ አይበቃም። በወተት ቸኮሌት ማሽን ላይ ያለፈ ጥቁር ቸኮሌትም የወተት ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል። ሻጩን ቸኮሌቱ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ፣ የታሸገውን ካርቶን እንዲያሳያችሁ ለምኑ። አልመንድ፣ ዋልነት፣ ሰሊጥና እንቁላልም በየቦታው አለ። በአሜሪካ ሕግ ሰሊጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ መጻፍ አለበት፤ ከመስታወቱ ውስጥ ተመዝኖ የሚሸጠው ላይ ግን ወረቀት ላታዩ ትችላላችሁ።

«ነን ዴይሪ» የሚለውንም አትመኑ። እንዲህ ተጽፎበት የወተት ፕሮቲን የሚገባበት የቡና ማንጫ አለ። ኮሸር ምልክቱ አጠገብ «ዲ» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሙስሊም ነኝ። ኮሸር ከሆነ መብላት እችላለሁ?

የአሳማ ስብ የለበትም፤ ያ እርግጥ ነው። ጥያቄው አልኮል ላይ ነው። በኮሸር ሕግ ወይንና ሌላ መጠጥ ይፈቀዳል፤ ሩም ወይም ሊከር የገባበት ኬክ ሊኖር ይችላል። የአሜሪካ ንጹሕ የቫኒላ ቅመምም ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ነው። ስለዚህ በየኬኩ ጠይቁ። ኖኮድቺ፣ ሃልቫና ስፌንጅ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነፃ ናቸው።

እስራኤል ዘመድ ልጠይቅ እሄዳለሁ። እዚያስ?

እዚያ ይቀላል። የምስክር ወረቀቱ በየበሩ አለ፣ አማርኛ የሚናገር ሰውም ብዙ ከተማ ውስጥ አይጠፋም። ኢየሩሳሌም ከሄዳችሁ ማሃኔ የሁዳ ገበያ ግቡ፤ አግሪፓስ ጎዳና ላይ ለሩገላህ የሚሰለፈውን ሰው ታያላችሁ። ዓርብ ጠዋት ግፊያ ነው፣ ግን ደስ ይላል። ቡሬካስ ስትገዙ ቅርጹን እዩ፦ በተለምዶ ሦስት ማዕዘኑ አይብ፣ አራት ማዕዘኑ ድንች ነው። ድንቹም ቢሆን ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ።

ኅዳር አካባቢ ከሆነ ደግሞ ከዮም ኪፑር፣ ከአይሁድ የስርየት ቀን፣ ሃምሳ ቀን በኋላ የሚውለውን ሲግድን አትለፉት። የቤተ እስራኤል በዓል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የመንግሥት በዓል ሆኗል። ጾሙ ከሰዓት በኋላ ሲፈታ የሚቀርበው የኛው ዳቦ ነው።

ለአይሁድ ጓደኛዬ ልውሰድ?

ውሰዱ፣ ግን ሳትከፍቱ። የኬክ ቤቱ ማኅተም ወይም ተለጣፊ ያለበትን ሳጥን እንዳለ ስጡ። ሳህን ላይ አታስተካክሉት፣ ምድጃችሁ ውስጥ አታሙቁት። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው ከሆነ፣ አንዴ ከሳጥኑ ከወጣና ቤታችሁ ዕቃ ላይ ካረፈ አይበላውም።

እንቁላልም የሌለው የጾም ባብካ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። 500 ግራም ዱቄት፣ 80 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይትና 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አቡኩ። አሥር ደቂቃ እሹት፤ ለስላሳ ግን እጅ የማይዝ መሆን አለበት። እጥፍ እስኪሆን ኩፍ ይበል። ለውስጡ 40 ግራም ካካዎ፣ 120 ግራም ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና 80 ሚሊ ሊትር ዘይት አዋህዱ።

ሊጡን በስሱ ዳምጡት፣ ቀቡት፣ ጠቅልሉት፣ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ጠምዝዙት። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እንደገና ኩፍ ሲል በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋገር። እኩል ውሃና ስኳር አፍልታችሁ፣ ገና ከምድጃ እንደወጣ ላዩ ላይ አፍስሱበት፤ በእንቁላሉ ቦታ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ሳይቀዘቅዝ ግን አትቁረጡት፣ ቸኮሌቱ ይፈስሳል።